የሞግዚቶቹ ምሳ

ልጄ የምትውለው በመሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ወርጄ ስለማጠባት ሌሎች ወላጆች የማያዩትን አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ሞግዚት አሟት ቀረች። ሌላዋ ብቻዋን አሥር ልጅ ይዛ ዋለች። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፍርፍሩን አልበላም ብሎ ፊቱን ሲያዞር አገጩን ይዛ ጋተችው። አንዱን ሳይውጥ ሌላ ጉርሻ። ከኋላዋ ሁለት ልጆች ያለቅሳሉ፣ አንዱ ፖፖ ላይ ተቀምጦ ይጣራል።

ዛሬ ባልደረባዋ ተመልሳለች። ያው ልጅ፣ ያው ፍርፍር፣ ያቺው ሴት። ፊቱን ሲያዞር ግን እጇን መለሰች። ማንኪያውን ለራሱ ሰጠችው። ግማሹን ደረቱ ላይ ደፋው፣ ግማሹን በላ። እሷም ሳቀች።

ምሳ በልተሽ ነው ወይ አልኳት። «ልጆቹ ሲተኙ ነው እኮ የምንበላው። ካልተኙ የለም» አለችኝ።

ካለፈው ሳምንት ወዲህ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ነው። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከጭካኔ ቅጣት እንዲጠበቁ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ትንንሽ ልጆች ባወጣው ማብራሪያ፣ ልጅ አፍ ሳይፈታም ፍላጎቱን በብዙ መንገድ እንደሚገልጽ ጽፏል። ፊቱን ያዞረው ልጅ እያለ የነበረው ይሄንኑ ነው። እዚያው ማብራሪያ ላይ ከሕፃናት ጋር የሚሠሩ ሰዎች በኅብረተሰቡ ሊከበሩና ተገቢ ክፍያ ሊያገኙ እንደሚገባም ተጽፏል። ይህችን ግን የሚያነሳት ሰው ብዙም የለም።

በእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ካሜራ ይገጠም የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ስጋቱ ይገባኛል፣ እኔም እናት ነኝ። ካሜራ ግን አሥር ልጅ ለያዘች ሴት ሁለተኛ እጅ አይሆናትም። ማቆያው የተከፈተው እኛ ተረጋግተን እንድንሠራ ነው። እኛ ምሳ እንወጣለን፣ ስንታመም ፈቃድ እንወስዳለን። ልጆቻችንን የያዙት ግን ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ተራ ይጠብቃሉ።

ግሩፑ ላይ ሌላ ሐሳብ ጻፍኩ። አንዷ ስትቀር የምትተካ ሞግዚት ትቀጠር፣ ሁለቱም በተራ ምሳ ይውጡ፣ ደመወዛቸውም ይታይ። እስካሁን አራት እናቶች እንፈርማለን ብለዋል። ሰኞ ደብዳቤውን ለሰው ኃይል አስገባለሁ።