ሚዛኑ ዝም ሲል

ዛሬ ደረጃ የወረድኩት መደገፊያውን እንደ ሽማግሌ ጨብጬ ነው። ጉዱ ከትናንት ወዲያ የሠራሁት ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጭ ብድግ) ነው። የጡንቻ ሕመም ተንኮለኛ ነው፤ በማግስቱ ቀስ ብሎ ይጀምርና ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይለይለታል።

ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ያው ከወር በፊት የነበረው ቁጥር! ተናድጄ ሜትር አነሳሁ። ወገቤ 3 ሴንቲ ቀንሷል። ጭኔ ደግሞ 1 ሴንቲ ጨምሯል። ለካ ስቡ እየሄደ ጡንቻው እየመጣ ነበር። ሚዛን ሁለቱን አይለይም።

ድሮ በቀን 100 ሲት አፕ ስሠራ ቦርጬን የማቀልጥ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት! የሆድ ስፖርት የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ስቡን ከዚያው ቦታ መርጦ አያነሳም። ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ሰውነት ራሱ ነው። የኔ ከፊቴ ጀመረ፤ ማን ጠየቀው?

አሁን ምግብ የቀነስኩት ትንሽ ብቻ ነው። ፕሮቲኑን እንዲያውም ጨምሬዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቴ 1.6 ግራም ገደማ። እግር በሳምንት 2 ቀን እሠራለሁ፣ የማነሳውን ክብደት ቀስ በቀስ እየጨመርኩ። እንቅልፍ ላይ ገና ሰነፍ ነኝ።

ነገ ደግሞ የእግር ቀን ነው። ደረጃው ይታዘበኛል።