ደረጃውን የሚሰጠው ማን ነው?

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን አይኤምዲቢ በተባለው ተመልካቾች ለፊልምና ለድራማ ነጥብ በሚሰጡበት ድረ ገጽ የምርጥ ተከታታይ ድራማዎች ደረጃ ላይ ጦፈን ተከራከርን። የአሜሪካው ድራማ «ብሬኪንግ ባድ» ለዓመታት አናቱ ላይ መቀመጡ ይገባዋል ባይ ነኝ። በ5 ምዕራፍ አንድ ጨዋ መምህር ቀስ በቀስ ሲበላሽ እንዲህ አሳምኖ ያሳየኝ ድራማ የለም።

ግን እዚያ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጠው ኢንተርኔት ያለው ሰው ነው። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲተላለፍ እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። እነዚያ እናቶች ለማን ድምፅ ሰጡ? ማንስ ጠየቃቸው?

ጓደኛዬ «ያልተቆጠረ ድምፅ ድምፅ አይደለም» ብሎ ድርቅ አለ። በፍጹም አልስማማም! የመራጩ ብዛት የድራማውን ዝና እንጂ ጥራቱን አይለካም። ደግሞ የኛን ድራማ እኛው ካልመዘንነው ማን ይመዝንልናል?

እስቲ የናንተን 3 ምርጥ የአማርኛ ድራማዎች ጻፉልኝ።