የተዳፈነ ፍም

ዛሬ ከሥራ ስገባ መብራት የለም። ስልኬ ላይ የሆሜርን የጥንት ግሪክ ግጥም፣ ኦዲሴይን፣ ከፍቼ አምስተኛውን ክፍል አነበብኩ።

ኦዲሴዎስ ትሮይ ላይ 10 ዓመት ተዋጋ። ወደ አገሩ ኢታካ እስኪመለስ ሌላ 10 ዓመት ፈጀበት። 7ቱን ያሳለፈው ካሊፕሶ ደሴት ላይ ነው። ሴት አምላክ ናት። ከእኔ ጋር ከኖርክ አትሞትም፣ አታረጅም አለችው። ሚስቱ ፔኔሎፔ በመልክ እንደማታክላት ራሱ እያመነ፣ «ቤቴ» አለ። ለእኔ በመንገዱ ካጋጠመው ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ይልቅ የከበደው ፈተና ይሄ ነው። ግዙፍ ሲመጣብህ ትሸሻለህ ወይ ትታገላለህ። ምቾትን ግን በምን ትታገለዋለህ?

ከዚያ በገዛ እጁ የሠራት ታንኳ በማዕበል ተሰባበረች። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ባሕር ላይ ተንገላታ። የእጁ ቆዳ ዓለቱ ላይ ተልጦ ቀረ። ራቁቱን ወጥቶ፣ ደረቅ ቅጠል ከምሮ ውስጡ ተኛ። ገጣሚው ይህን የሚያመሳስለው፣ ጎረቤት የሌለው ሰው እሳት እንዳይጠፋበት ፍሙን አመድ ውስጥ ከማዳፈኑ ጋር ነው።

እዚህ ጋ ስልኬን አስቀመጥኩት። አያቴ መጣችብኝ። ማታ ማታ ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብላ ፍሙን ታዳፍናለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ቀስ ብሎ ይቀላል።

ያ ሰው ቅጠሉ ውስጥ የተኛው እንደዛ ነው።