መኪና ሻጭ የነበሩትን የአጎቴን ታሪክ እንዴት እንደሰበሰብኩት

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። በታማኝነትና በቅንነት አገልግለው ጡረታ ወጡ። ለአጎቴም የተነበበው ይኸው ነበር። ውሸት የለበትም። ግን ወደ አርባ ዓመት መኪና ሲሸጡ ኖረው፣ በሽያጭ ሥራ አስኪያጅነት ጡረታ የወጡ ሰው፣ የአንድ መኪና ስም እንኳ ሳይነሳ ተቀበሩ። ይሄ ከነከነኝ። ለሙት ዓመታቸው የምትታደል ትንሽ መጽሐፍ ላዘጋጅ ተነሳሁ። ለዘመዱ እንዲህ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ አካሄዴን ልንገራችሁ።

ሥራው የተጀመረው ልቅሶ ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ ሰው ሳይጠየቅ ያወራል። አንዱ “የመጀመሪያዋን ኮሮላዬን የሸጡልኝ ጋሼ ናቸው” ይላል። ሌላው “እኔን ሹፌር ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው” ይላል። እዚያ ደብተር አላወጣሁም። ያዘነ ሰው ፊት መጻፍ ደስ አይልም። ስልክ ቁጥር ብቻ ተቀበልኩ። ከሰባቱ በኋላ አንድ በአንድ እየደወልኩ፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቅኩ በስልኬ ቀዳሁ።

ጥያቄው ላይ ልቆይ። “ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” ብለህ ከጠየቅህ መልሱ “ደግ ሰው ነበሩ” ነው። ከዚያ ወሬው ይቆማል። “ምን መኪና ሸጡልህ? የዚያን ቀን ምን አሉህ?” ስትል ግን በሩ ይከፈታል። አንድ ነጋዴ ላንድክሩዘር ሊገዛ ገብቶ ነበር። ገንዘቡ ግማሹ ብድር ነው። አጎቴ ቡና አስመጡለትና በየቀኑ የት እንደሚነዳ ጠየቁት። ከመርካቶ ቦሌ ነው። “ብድሩ ሳያልቅ ይሰለችሃል፤ ለዚህ መንገድ ኮሮላ ይበቃሃል” አሉት። ትልቁ ሽያጭ አመለጣቸው። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ወንድሞቹን ሁሉ እሳቸው ጋ አመጣ። ይህን ታሪክ ከቤተሰቡ አንድም ሰው አያውቀውም ነበር። የሻጭ ሕይወት ያለው ደንበኞቹ ጋ ነው።

ሹፌሮቹ የነገሩኝ ደግሞ ልቤን ነካው። መሥሪያ ቤት መኪና ሲረከብ የሚፈርመው ኃላፊው ነው። አጎቴ ግን ሹፌሩን ያስጠሩ ነበር። ኮፈኑን ከፍተው ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃ፣ ባትሪውን ራሳቸው ያሳዩታል። ክሪኩና ትርፍ ጎማው የት እንዳለ ያስወጡታል። “መኪናው ውስጥ የሚውለው እሱ ነው” ይሉ ነበር አሉኝ። አለቆች ፊት ለሹፌር እንዲያ መናገር በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዓመተ ምሕረት ግን አስቸጋሪ ነው። ሰው ዓመቱን ይረሳል፤ ምን በሆነበት ጊዜ እንደነበረ ግን አይረሳም። አክስቴ አጎቴ ሥራ የገቡበትን ዓመት አታውቀውም። “በቀኝ መንዳት የተጀመረ ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ መንገድ ሲሻገር ይደናገር ነበር” አለችኝ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው። በዚህ መነሻውን አገኘሁት።

ፎቶ ሲሆን ደግሞ መኪናውን እዩ። አጎቴ ከተደረደሩ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ፊት ቆመው የተነሱት አንድ ፎቶ አለ። ቤት ውስጥ “የጃንሆይ ጊዜ ነው” ይባል ነበር። መኪኖቹ ግን 70 የሚባለው ሞዴል ናቸው። እሱ የወጣው በፈረንጅ 1984 መጨረሻ፣ በእኛ 1977 ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ሊሆን አይችልም። የቀድሞ ባልደረባቸው ሲያየው ወዲያው አስታወሰ። ለእርዳታ ድርጅት ያስረከቧቸው መኪኖች ናቸው። በደርግ ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ስላልነበረ ተራ ሰው አዲስ መኪና መግዛቱ ብርቅ ነበር። ደንበኛቸው በአብዛኛው መንግሥትና እርዳታ ድርጅት ነበር። ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) መጻፍ፣ ጨረታ መግባት፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እስኪከፈት ባንክ መመላለስ። ግለሰቦችና ነጋዴዎች በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ1983 በኋላ ነው።

አክስቴ እንዲጻፍ ያልፈለገችው አንድ ዘመን አለ። አንዴ ጠየቅኳት፣ ፊቷን አየሁ፣ ተውኩት። የሟች ታሪክ በሕይወት ያለውን ሰው ማቁሰል የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር በተለያየ መንገድ ሲነግሩኝ ግን ሁለቱንም ጻፍኩ። አጎቴን ሥራ አስኪያጅ ያደረጋቸው ማን እንደሆነ ሁለት የተለያየ ታሪክ አለ፤ ሁለቱም ተናጋሪዎች እዚያው ነበሩ።

የጡረታው ዘመን በቀላሉ ተጻፈ፤ እኔም ያየሁት ስለሆነ። አሮጌ መኪና የሚገዛ የሰፈር ሰው ሁሉ ይዟቸው ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ሊብሬውን ይጠይቃሉ። ቀጥለው የሻንሲ ቁጥሩን ያመሳክራሉ። ደላላው ቢቸኩል እሳቸው አይቸኩሉም። ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። በ2012 የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ ወጥቶ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሲሰቀል ግን ከልባቸው አዘኑ። አንድ አስተማሪ ቆጥቦ ትንሿን መኪና ቪትዝን እንኳ መግዛት የማይችልበት ጊዜ መጣ ብለው ደጋግመው ያነሱት ነበር። ይህንንም በራሳቸው አነጋገር አስገባሁት።

መጽሐፏ በአካባቢያችን ማተሚያ ቤት ታተመች። ለሙት ዓመቱ ከጸበል ጻዲቁ ጋር ታደለች። በሳምንቱ አንድ የቀድሞ መካኒክ ደወለና “እኔንና ጋሼን የሚመለከተው የአዋሽ ጉዞ የታለ?” አለኝ። ቅዳሜ ቤቱ ተቀጣጥረናል። ለሁለተኛው እትም ይደርሳል።