የጎደለው ሞመንተም፦ ተጨማሪ አውታር ፍለጋ

ከርዝመት፣ ከወርድና ከቁመት ሌላ የቦታ አውታር ይኖር ይሆን? በ1998 አርካኒ-ሃመድ፣ ዲሞፖሎስና ዲቫሊ ስበት የደከመው ወደ ተጨማሪ አውታሮች ስለሚሰርግ ሊሆን ይችላል አሉ። እንዲያ ከሆነ፣ በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው የ27 ኪሎ ሜትር የቅንጣት ማፋጠኛ ቀለበት ፕሮቶኖች ሲላተሙ ግራቪቶን (ስበትን ይሸከማል ተብሎ የሚታሰብ ቅንጣት) ተወልዶ ሳይታይ ያመልጣል። የሚቀረው በአንድ ወገን የተፈነጠቀ የቅንጣቶች ጄት ነው፤ በተቃራኒው ወገን ባዶ! ግራቪቶኑ ይዞት የሄደው ሞመንተም (የእንቅስቃሴ መጠን) ይጎድላል።

በቀለበቱ ላይ ባለው በአትላስ መመርመሪያ የሚሠራው ቡድን የሚያጠምደው ይህንኑ ነው፦ ጎናዊ ሞመንተሙ (ከጨረሩ ወደ ጎን ያለው) ከ150 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበትና ሞመንተም መለኪያ) የበለጠ ጄት፣ የጎደለው ደግሞ ከ200 በላይ፣ ኤሌክትሮንም ሆነ የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነው ሙዮን የሌለበት።

ትልቁ ፈተና ዜድ ቦሶን የተባለው ቅንጣት ነው። ከመቶ ሃያ ጊዜ ያህል ወደ ኒውትሪኖዎች ይፈርሳል፤ እነሱም አይታዩምና ልክ እንደ ግራቪቶን ሞመንተም ይጎድላል። መፍትሔው ግሩም ነው፦ ዜድ ወደ ሁለት ሙዮኖች የፈረሰባቸውን ግጭቶች ወስዶ፣ ሙዮኖቹን እንዳልነበሩ ቆጥሮ የጎደለውን ማስላት። ግን እነዚህ የኒውትሪኖዎቹ አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆኑ የዜድ ዘመድ የሆነው የደብልዩ ቦሶን ግጭቶችም ይታከላሉ። ከጨረሩ ዳር የሾለከ ሙዮን ካሎሪሜትሩን (የመመርመሪያውን ጉልበት መለኪያ) ሲመታም ሐሰተኛ ጄት ይፈጥራልና መጣራት አለበት።

ከ2015 እስከ 2018 በ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የተሰበሰበው መረጃ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ ትርፍ አላሳየም። ተጨማሪዎቹ አውታሮች ሁለት ከሆኑ፣ የስበት መሠረታዊ የጉልበት መጠን (ስበት የሚበረታበት) ከ11.2 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ነው፤ ስድስት ከሆኑ ከ5.9 በላይ።