የታመኑት ሒሳብ ሹም

ያኔ በፕሮግራም አስተባባሪነት በምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሹማችንን የሚጠራጠር አንድም ሰው አልነበረም። ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ አብረውት የነበሩ፣ ታማኝነታቸው በተግባር የታየ ሴት ነበሩ። ቼኩን የሚያዘጋጁት እሳቸው፣ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት እሳቸው፣ የካዝናው ቁልፍም በእሳቸው እጅ ነው። ወሩ ሲያልቅ የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር የሚያስታርቁትም፣ ማለትም ሁለቱ መግጠማቸውን የሚያረጋግጡትም፣ ራሳቸው ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ክፍያ እንዳይጓተት ብሎ ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ ይሄዳል። ይህ አሠራር እንዲቀየር በስብሰባ ላይ ባነሣሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነበር፦ «እሳቸውን ልትጠረጥር ነው?»

አንድ ጊዜ የለጋሹ ኦዲተር መጣ። ለሥልጠና ተሳታፊዎች አበል ተከፈለ ተብሎ የተመዘገበ፣ ደጋፊ ሰነድ ግን የሌለው ክፍያ አገኘ። የተሳታፊዎቹ ፊርማ የለም። የወጪ ማዘዣውን ያዘጋጁትም፣ የከፈሉትም፣ የመዘገቡትም ሒሳብ ሹሟ ናቸው። «ሰነዱ ነበረ፤ በእጄ አልፏል» አሉ። ኦዲተሩ ትሑት ሰው ነበር፤ የጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከእርስዎ ሌላ ያየው ማን አለ?»

ማንም አልነበረም።

ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። ትናንት በስማቸው ሲምሉ የነበሩ ባልደረቦች «እንዴት ቢሆን ነው?» ማለት ጀመሩ። ለጋሹ ቀጣዩን ክፍያ ያዘ። ሰነዱ የተገኘው ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው፤ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ የሁለት ፕሮጀክቶችን ቅድመ ክፍያ አንድ ላይ ሲያወራርድ የፊርማ ዝርዝሩ በሌላኛው ፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ታስሮ ኖሯል። ገንዘቡ በሙሉ ለሚገባቸው ሰዎች ደርሶ ነበር። እገዳው ተነሣ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈ። እሳቸው ተመልሰው ጥቂት ከሠሩ በኋላ ግን መልቀቂያ አስገቡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ያዳነኝ በአጋጣሚ የተገኘ ወረቀት ነው። ባይገኝስ ኖሮ?» አሉኝ።

ስለ ገንዘብ ቁጥጥር ሲወራ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል ይጠቀሳል። እኔ ግን ይህ አባባል ሥራ አስኪያጆችን ከቁጥጥር ያሸሻቸዋል ባይ ነኝ፤ ቁጥጥርን የጥርጣሬ ልጅ ስለሚያደርገው፣ የሚወዱትን ሠራተኛ መቆጣጠር ነውር ይመስላቸዋል። የገንዘብን ሥራ ለተለያዩ ሰዎች መከፋፈል ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ግን ታማኙን ሰው ነው። ሌባ ምስክር አይፈልግም፤ ንጹሕ ሰው ይፈልጋል።

ታማኝ የነበረ ሰው ሁልጊዜ ታማኝ ሆኖ ይኖራል ማለትም አይደለም። አሜሪካዊው የወንጀል ተመራማሪ ዶናልድ ክሬሲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያጠናቸው በእምነት ማጉደል የታሰሩ ሰዎች ኃላፊነቱን ሲረከቡ የመስረቅ ሐሳብ ያልነበራቸው ናቸው። ለሰው የማይነግሩት የገንዘብ ችግር፣ ማንም የማያየው ቀዳዳ፣ «ተበድሬ ነው፣ እመልሰዋለሁ» የሚል ራስን ማሳመኛ ሲገጣጠሙ ነው የወደቁት። ችግሩንና ማሳመኛውን አለቃ አያያቸውም። በእጁ ያለው ቀዳዳውን መድፈን ነው።

ትልቅነትም አያድንም። በ1762 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የለንደኑ ባሪንግስ ባንክ በ1995 የወደቀው፣ የሲንጋፖር ሠራተኛው ኒክ ሊሰን ግብይቱንም የግብይቱን ሒሳብ ማወራረዱንም አብሮ ይመራ ስለነበርና ኪሳራውን መደበቅ ስለቻለ ነው። ከመውደቁ በፊት በነበረው ዓመት የባንኩ የውስጥ ኦዲት ሁለቱ ሥራዎች እንዲለያዩ አሳስቦ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ኪሳራው ከ800 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ፤ ባንኩም በአንድ ፓውንድ ተሸጠ።

«ሠራተኞቻችን ጥቂት ናቸው፣ በምን እንከፋፍለው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ክፍያ ማጽደቅ፣ ገንዘብ መያዝ፣ መመዝገብና ማስታረቅ በአራት ሰው እጅ ቢሆኑ መልካም ነበር፤ ትንሽ ድርጅት ይህን አይችልም። ሁሉንም መለየት ካልተቻለ ማስታረቁ ብቻ ይለይ። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የባንኩን መግለጫ ብቻውን አያስታርቅ። ለዚህ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም፤ ሒሳብ የሚያነብ አንድ የቦርድ አባል ይበቃል። መግለጫው በሒሳብ ክፍሉ በኩል ሳያልፍ ከባንኩ በቀጥታ ይድረሰው፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ይፈርምበት።

በባዶ ቼክ ላይ መፈረም ግን በምንም ምክንያት መቀጠል የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ብዙ የሚጓዝ ከሆነ ሦስት ፈራሚ ተሰይሞ የማናቸውም ሁለቱ ፊርማ ይብቃ። የዓመት እረፍትም የቁጥጥር አካል መሆኑ ይረሳል። ብዙ ባንኮች ገንዘብ ነክ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያንስ ለተወሰኑ ተከታታይ ቀናት እረፍት እንዲወጣ ያስገድዳሉ፤ በእነዚያ ቀናት ሥራውን ሌላ ሰው ይሠራዋል። የእኛ ሒሳብ ሹም ዓመታት ሙሉ እረፍት ሳይወጡ ሲሠሩ «እንዴት ያለ ትጋት!» እያልን እናመሰግናቸው ነበር። አንድ ሰው በመሀል ተክቷቸው ቢሆን ኖሮ ፋይሎቹ እንዴት እንደሚታሰሩ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ይኖረን ነበር።

ድርጅቱ ሒሳብ ሹሟ ከለቀቁ በኋላ አሠራሩን ለወጠ። የማስታረቁ ሥራ ለአንድ የቦርድ አባል ሲሰጥ አባሉ መጀመሪያ ላይ ጊዜ የለኝም ብለው አንገራግረው ነበር። ሥራውን ከያዙ በኋላ ግን ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ደጋግሞ መቁረጡን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤ ጽፈን ገንዘቡ ተመለሰልን።