መስመሩ ሲጠፋ ነው የምንደነግጠው

ሲያትል ውስጥ ላብራቶሪ እሠራለሁ። ሥራዬ እዚሁ ካለው የባሕር ወሽመጥ፣ ከፑጄት ሳውንድ፣ የሚለቀም ማስል (ያ ጥቁር ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) መርዝ እንዳለበት መመርመር ነው። በልቼው አላውቅም፤ እንኳን በጾም በፍስክም ቤታችን አይገባም።

መርዙን የሚሠራው ማስሉ አይደለም። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው፤ እሱ ውሃ ሲያጣራ እያጠራቀመ ይይዘዋል። በብዛት የምንፈልገው ሳክሲቶክሲን ነርቭ ያሽመደምዳል፣ ሲብስ ትንፋሽ ያቆማል። ቢቀቀልም አይጠፋም። በ100 ግራም ሥጋ 80 ማይክሮግራም ከደረሰ ቦታው ይዘጋል።

ድሮ ምርመራው በአይጥ ነበር። 20 ግራም ገደማ የምትመዝን አይጥ ከማስሉ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሆዷ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ትወጋና በስንት ደቂቃ እንደሞተች ይያዛል። እኛ መጀመሪያ በስትሪፕ እናጣራለን፣ የተጠረጠረው ወደ ኤችፒኤልሲ (መርዞቹን ለያይቶ መጠናቸውን የሚለካ ማሽን) ይሄዳል።

ስትሪፑ የኮቪድ መመርመሪያ ይመስላል፤ አነባበቡ ግን ግልባጭ ነው። መርዝ ከሌለ መስመሩ ደምቆ ይወጣል፣ ካለ ይጠፋል። ራስ ምታቱ የደበዘዘው ነው። አንዱ "አለ" ሲል ሌላው "የለም" ይላል፣ ያውም ሁለታችንም አንድ መብራት ሥር ቆመን። በመጨረሻ የተስማማነው፣ ከደበዘዘ እንደተመረዘ ቆጥረን ወደ ማሽኑ መላክ ነው። ወጪ አለው፣ ግን መርዛሙን "ንጹሕ ነው" ብሎ ከማሳለፍ ይሻላል።

ከስትሪፑ በላይ የሚወስነው ግን ዝግጅቱ ነው። ባሕር ውስጥ ተጣብቀው ካደጉበት ከአንድ ገመድ የወጡ ማስሎች እንኳ እኩል መርዝ ስለማይዙ፣ ብዙ ፈልፍለን፣ አጥበን፣ ውሃውን አንጠፍጥፈን አንድ ላይ በብሌንደር እንፈጫለን። ከዚያ 100 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 5 ደቂቃ እናፈላለን። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ4 በታች መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ መርዙ ይፈርስና የሌለ ይመስላል። እኔ ፒኤች ሳላይ ስትሪፕ አልከፍትም።

ሌላው፣ ሳክሲቶክሲን ዘመድ ይበዛዋል። ስትሪፑ ላይ ያለው አንቲቦዲ (መርዙን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን) እሱን ለቀም ሲያደርግ ከዘመዶቹ አንዱን፣ ኒዮሳክሲቶክሲንን፣ ብዙ ጊዜ በደንብ አይዝም። ስለዚህ ከአዲስ ቦታ ናሙና ሲመጣ ስትሪፑን ከማመናችን በፊት ጎን ለጎን በኤችፒኤልሲ እናየዋለን።

ዶሞይክ አሲድ የሚባለውን ሌላ የአልጌ መርዝ ደግሞ ይኼ ስትሪፕ ጭራሽ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ማስል በልተው ከ100 በላይ ሰዎች የታመሙት፣ የሞቱም የነበሩት፣ በሱ ነው። ለሱ ሌላ ስትሪፕ አለ፣ ገደቡም በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው።